ሞተሩ ነው የጋለው ወይስ አንተ? ለኮዬ ፈጬው ሞተረኛ መልስ

ጥያቄው ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ልድገመው። ወንድማችን የሚኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። በቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል ዕቃ ያደርሳል። ጠዋት በቱሉ ዲምቱ አድርጎ ወደ ቃሊቲ ይገባል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ዱከምና ቢሾፍቱ ይወርዳል። ከየካቲት ጀምሮ ቀትር ላይ መንገዱ ሲዘጋ ሞተሩ ከሥር ይጠብሰዋል፣ በተለይ ቀኝ እግሩን። ቆየት ሲል ጉልበት ያጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋበታል። ጥላ ሥር አሥር ደቂቃ ያህል ካቆመው በኋላ ግን ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይነሳል። እሱም ማታ ቤቱ ሲገባ ራሱን ያመዋል። አንዱ "ወፍራም ዘይት ቀይር" አለው፣ ሌላው "ውሃ ድፋበት" አለው፣ ሦስተኛው "ሽጠውና ተገላገል" አለው። የማንን ልስማ ነው የሚለው።

የማናቸውንም አትስማ። የውሃውንማ በጭራሽ። የጋለ አልሙኒየም ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ አንዱ ጎን ድንገት ይኮማተራል፣ ሌላው እንደጋለ ይቀራል። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ሊጣመም ይችላል፣ መጋጠሚያውን የሚያሽገው ጓርኒሲዮንም ሊለቅ ይችላል። አንዴ ሁለቴ ሲደፉበት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሰው የሚታለለውም እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ጥያቄህ ውስጥ ሁለት ሙቀት ተደባልቋል፣ የሞተሩና ያንተ። መፍትሔያቸው ስለማይገናኝ ለያይቼ ላያቸው።

የሞተሩን ስናይ መጀመሪያ አየሩን አትውቀስ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በመጋቢትና በሚያዝያ እንኳ 30 ዲግሪ የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው። ይቺው ቦክሰር ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ከኛ በባሰ ወበቅ ቀኑን ሙሉ ሰው ጭና ትውላለች። ያንተዋን ያቃታት ሙቀቱ ሳይሆን የነፋስ እጦት ነው። ቦክሰር ራዲያተር የላትም፣ ቬንትሌተርም የላትም። ሙቀቷን የምታስወጣው ሲሊንደሩን በከበቡት ቀጫጭን የብረት ክንፎች መሃል በሚያልፈው ነፋስና ውስጥ በሚዞረው ዘይት ነው፣ ሌላ መንገድ የላትም። በ40 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ነፋሱ በነፃ ይመጣል። ቃሊቲ ላይ ከሲኖትራክ ኋላ ተቀርቅረህ በአንደኛ ማርሽ ስትንፏቀቅ ግን የሚነፍስብህ የሱ ጭስ ብቻ ነው። ከ2011 ማብቂያው የሞተር ሳይክል ክልከላ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ በፈቃድ የሚነዳው ባብዛኛው ዕቃ አድራሽ ስለሆነ፣ እንዳንተ ዓይነቱ ሞተር በረድ የሚልበት ጊዜም የለውም።

ደግሞ ጋለ ማለት ታመመ ማለት አይደለም። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ቴስታታው 150 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሆኖ በጤናው ይሠራል። በእጁ ነክቶ "ውይ፣ ይሄማ ግሏል!" የሚል መካኒክ ካጋጠመህ አመስግነህ ሂድ። የእውነት ከልክ በላይ የጋለ ሞተር ራሱ ይናገራል። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጠው ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደማናጋት ያለ ድምፅ ያሰማል፣ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል፣ ይባስ ሲል ቁልፉን ዘግተኸውም ትንሽ መዞሩን ይቀጥላል።

ስለ ነፋስ ካነሳን ሰፈርህን ላንሳ። ኮዬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ያ ሁሉ መረሬ አፈር ነው። ክረምት ላይ የፊት ጎማው ጭቃውን እያነሳ ሲሊንደሩ ላይ ይለጥፈዋል። በጋው ሲገባ ክው ብሎ ይደርቃል። መስከረም ላይ ያልተጠረገ ጭቃ የካቲት ላይ ሞተሩን ብርድ ልብስ አልብሶ ያገኘዋል። ሞተሩ ፊት ተንበርከክና የስልክህን ባትሪ አብራበት። በክንፎቹ መሃል እስከ ሥሩ ድረስ ብረት መታየት አለበት። አፈር ከታየህ ከበሽታህ አንዱን አገኘኸው ማለት ነው። ፍንጣሪ በሚሰጠው በካንዴላው ዙሪያ ያለውን ደግሞ በደንብ እይ። ላቫጆ ቤት ልጆቹ ሰልባቲዮውን (የቤንዚን ታንከሩን) እና ጎማውን አብረቅርቀው ይሰጡሃል፣ እዚያ ውስጥ ግን ማንም እጁን አያስገባም። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ ድብን ብሎ እንደቀዘቀዘ፣ የሳሙና ውሃ እርጭበትና እስኪርስ ጠብቅ። ከዚያ በቀጭን እንጨትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አውጣው። በካቻቪቴ እንዳትቆፍረው፣ ክንፎቹ ይሰበራሉ። ዘይት የሚያልብ ጓርኒሲዮን ካለ አስቀይረው፤ አቧራው ዘይቱ ላይ እየተጋገረ በወሩ እዚያው ይመልስሃል። ክረምት ላይ ጭቃ እንዳይረጭህ የፊት መከላከያው ብረት ላይ ሸራ ወይም ላስቲክ አስረህ ከሆነም ዛሬውኑ ፍታው።

አሁን ወደ መጥፋቱ። ጠፍቶ፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ የሚነሳ ሞተር ሲመጣ ሁሉም "ግሎ ነው" ይላል። እኔ መጀመሪያ የማየው የሰልባቲዮውን ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ ከመርፌ ብዙም የማትሰፋ የአየር ቀዳዳ አለች። ቤንዚኑ ወደ ካርቦሬተር በወረደ ቁጥር በምትኩ አየር መግባት አለበት። ቀዳዳዋን አቧራ ከደፈናት ቤንዚኑ መውረድ ያቅተዋል፣ ለሞተሩ የሚደርሰው ድብልቅ አየር ይበዛበትና ቤንዚን ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ሞተሩን ያግለዋል፣ ቀጥሎም ይጠፋል። ስትቆም አየሩ ቀስ እያለ ይገባል፣ ቤንዚኑም ይወርዳል። አንተ "በረደልኝ" ትላለህ፣ እውነቱ ግን ጠጥቶ ነው የተነሳው። መሞከሪያው ቀላል ነው። እንደጠፋብህ ወዲያው ክዳኑን ክፈት። "ፍስስ" ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ከሰማህ፣ ሞተሩም እዚያው ከተነሳ፣ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ጥረጋትና ጨርሰሃል። ይሄ ችግር የሚብሰው ግን በረጅም መንገድ፣ ነዳጅ በብዛት ሲሳብ ነው። ቢሾፍቱ መንገድ ላይ ጨርሶ የማይታይ፣ ቆመህ ስትንፏቀቅ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ወደሚቀጥለው እለፍ።

የሚቀጥለው ፍንጣሪ ነው። አንድ የሚሠራ ካንዴላና የካንዴላ ቁልፍ ቦርሳህ ውስጥ ያዝ። ሲጠፋ ሰልባቲዮው መዘጋቱን አረጋግጥና ጓንት አድርግ። የካንዴላውን ገመድ ንቀልና ያንን ትርፉን ካንዴላ ሰካበት፣ ብረቱን ሞተሩ ላይ አስነካና ፔዳሉን ምታ። ጠንካራ ሰማያዊ ፍንጣሪ ካየህ ይሄኛው ደህና ነው። ምንም ከሌለ፣ ወይም ሳሳ ያለ ቢጫ ከሆነ፣ ፍንጣሪውን የሚያመነጨው ኮይል ወይም ለፍንጣሪው ጊዜውን የሚነግረው ፒካፕ ኮይል አርጅቷል። ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲግል ይለያያል፣ ሲበርድ መልሶ ይገጥማል። ይሄ በሽታ ጋራዥ ስትደርስ ስለሚጠፋ ሰው ይመራመራል፣ ይፈታል፣ ይገጥማል። በዚህ ሰበብ ስንቱ ሞተር ያለ ኃጢአቱ ቴስታታው ተነስቷል መሰለህ። የሚቀየረው ግን አንድ ኮይል ነው።

ፍንጣሪም ቤንዚንም እያለ ሲግል አልነሳ የሚል፣ ፔዳሉም ስትመታው እንደወትሮው የማይከብድህ ከሆነ ቫልቩን ጠርጥር። እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። ሞተረኛ የቫልቭ ድምፅ አይወድም፣ መካኒኩም ደንበኛውን ለማስደሰት ጠበቅ ያደርግለታል። ድምፁ ጠፋ፣ ሁሉም ደስ አለው። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ግን ሙቀቱን የሚያራግፈው በተዘጋ ቁጥር መቀመጫውን ነክቶ ነው። ከልክ በላይ ከጠበቀ ሞተሩ ሲግል ብረቱ ስለሚረዝም ሙሉ በሙሉ መዘጋት ይሳነዋል። ሙቀቱን ማራገፊያ ያጣል፣ እሳት በጠርዙ ያመልጣል፣ ቀስ በቀስም ቫልቩ ይቃጠላል። ቲክ ቲክ የሚል ቫልቭ አያስጨንቀኝም። የሚያስፈራኝ ጭራሽ ዝም ያለው ነው። የቫልቩ ክፍተት ልክ መመሪያ ደብተሩ ላይ አለ፣ የሚለካውም ሞተሩ ቀዝቅዞ በቀጭን የመለኪያ ብረት ነው፣ በጆሮ አይስተካከልም።

ካንዴላውን ስትፈታው ቀለሙን ልብ በል። ጥቁርና ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ የሚመስል ከሆነ አየር በዝቶበታል፣ ሞተርህም የእውነት እየጋለ ነው። እኛ ጋ ብዙው ካንዴላ ጥቁር ነው የሚወጣው። ምክንያቱም አቃቂና ቃሊቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናቸው፣ አየሩም ባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ ተለክቶ የመጣ ካርቦሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ጉልበቷ የቀነሰውም በዚሁ ነው፣ ቦክሰርህ ሰነፍ ሆና አይደለም። እንግዲህ አንዳንዱ መካኒክ "ቤንዚን እንዳትበላብህ ቀንሼልሃለሁ" ይልና ካርቦሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምትለካዋን የነሐስ ቀዳዳ በትንሽ ይለውጣታል። አዲስ አበባ ላይ ያምራል። ከዚያ ቢሾፍቱ ትወርዳለህ፣ ወደ 1,900 ሜትር። አዳማ ይጨመራል፣ 1,700 ሜትር ገደማ። አዋሽ ከቀጠልክ 1,000 ሜትር አካባቢ ነህ። በወረድክ ቁጥር አየሩ ይወፍራል፣ የተቀነሰው ቤንዚን ግን ያው ነው። ቢሾፍቱ ድረስ ብዙም ላይታወቅህ ይችላል። አዋሽ ድረስ ጭነት ይዘህ ሙሉ ነዳጅ ከሰጠኸው ግን ፒስተን ትበላለህ። ስለዚህ ካርቦሬተሩን ማን ምን እንደነካው አስታውስ።

ማንም ሳይነካው ካንዴላው ነጭ ከሆነ በካርቦሬተሩና በሲሊንደሩ መሃል ያለችውን ጎማ እያት። ፀሐይና ሙቀት ይሰነጥቃታል። ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጠው) አስነሳና ጎማዋ ላይ በርጪ ጠርሙስ ትንሽ ውሃ ንፋባት። ድምፁ ከተለወጠ በስንጥቁ አየር እየገባ ነው።

ቤንዚን ከየት ነው የምትቀዳው? ወረፋው እንደሚያሰለች አውቃለሁ፣ መንገድ ዳር በሃይላንድ ሞልተው የሚሸጡትም ያንተው ሰፈር ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ግን ላምባ የተቀላቀለበት ከሆነ ያ የጠጠር ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ላምባ የገባበት ቤንዚን ሲሊንደሩ ውስጥ ካለጊዜው ይነድዳል፣ ሙቀቱም ፒስተኑ ላይ ያርፋል። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣል። ንጹሕ ቤንዚን ወዲያው ተንኖ ይጠፋል፣ ላምባ ያለበት የቅባት ክብ ትቶ ይሄዳል። እርግጥ ነው ላቦራቶሪ አይደለም፣ ግን በብዛት የተቀላቀለውን ያጋልጣል።

ዘይትን በተመለከተ "ወፍራም ቀይር" ያለህ ሰው ግማሹን ነው የሚያውቀው። እንዲህ ያለ ሞተር የሚይዘው አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ሩቡ ቢጎድል ቀሪው ያንኑ ሙቀት ለመሸከም ስንት ጊዜ እንደሚዞር አስበው። ስለዚህ ከውፍረቱ በፊት መጠኑን እይ። ሜዳ ላይ፣ ሳታዘነብል አቁመህ፣ ሞተሩን አጥፍተህ ጥቂት ደቂቃ ከጠበቅክ በኋላ። ለቦክሰር የተለመደው 20-50 ነው፣ ከዚያ በላይ ማወፈር ማዞሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም። የመኪና ዘይት ደግሞ አታድርግበት። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው፣ አንዳንድ የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ምልክት ፈልግ። ፍሪሲዮን ካነሳን ደግሞ፣ መንገድ ሲዘጋ ግማሽ ፍሪሲዮን ይዞ በአንድ በአንድ ሜትር መሳብ ትልቅ የሙቀት ምንጭ ነው። ትንሽ ክፍተት እስኪፈጠር ጠብቅና ሙሉ በሙሉ ለቀህ ሂድ። የማይንቀሳቀስ ከሆነ አጥፋው።

የኋላ ፍሬንህንም አንዴ እይልኝ። በሁለት እግሩ አቁመህ ጎማውን በእጅህ አዙረው። ዞሮ ዞሮ ካልሆነ በቀር የማይቆም መሆን አለበት፣ ወዲያው ከቆመ ቀኑን ሙሉ ፍሬን ይዘህ ነው የምትነዳው።

አሁን ወደ አንተ። የራስ ምታትህ ከሞተሩ ጋር ብዙም አይገናኝም ብል ትገረም ይሆናል። እኛ ያለንበት ከፍታ ተንኮለኛ ነው፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ አይታወቅህም። የሚያቃጥለው ጨረር ግን በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ላብህንም ነፋሱ ቶሎ ስለሚያደርቀው ውሃ እየጎደለህ መሆኑን አታውቅም። በቲሸርት ስትነዳ የሚቀልህ ይመስልሃል፣ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ስስና ነጣ ያለ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ ረጅም እጅጌ ያለው ጃኬት ከባዶ ክንድ ይሻላል። ከሥሩ የኳስ ማሊያ ልበስ፤ ጥጥ ላቡን ይዞ ይቀራል፣ ማሊያው ይደርቃል።

እዚህ አካባቢ አየሩ ከቆዳህ ስለሚቀዘቅዝ ነፋስ ሁሌም ይጠቅምሃል፣ የጃኬቱን የአየር ማስገቢያ ክፈተው። ወደ አዋሽና አፋር ስትወርድ ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ 35 ዲግሪ ካለፈ ነፋሱ ራሱ ያሞቅሃል። ያኔ ጃኬቱን ዝጋ፣ ማሊያውን ውሃ ውስጥ ነክረህ ልበስ፣ አንገትህ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠምጥም።

ውሃ ሲጠማህ ሳይሆን በየመንገዱ ጉንጭ ጉንጭ አድርግ። ሁዳዴ የሚውለው በዚሁ ወቅት ነው፣ ረመዳንም በነዚህ ዓመታት እዚሁ አካባቢ ወድቋል። እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ማታ በደንብ ጠጥተህ ተኛ፣ ከቻልክ ደግሞ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ያለውን ረጅም መንገድ ለጠዋት አዙረው። እየነዳህ ቢያዞርህ ወይም ቢያቅለሸልሽህ ቁም፣ ጥላ ፈልግ፣ ሄልሜቱን አውልቅ። የሚያወራው የማይገጥም ጓደኛ ካየህ ግን ጥላ ብቻ አይበቃውም፣ ገላውን እያረጠብክ በቶሎ ሐኪም ቤት አድርሰው። ከጭነት መኪና ጭስ ማውጫ ኋላ መቆምም ለብቻው ራስ ያሳምማል፣ ወደ ጎን ውጣ።

ቀኝ እግርህን የሚጠብስህ የጭስ ማውጫው ቱቦ ነው። ቱቦው ላይ የቆርቆሮ መከላከያ ነበረች። ወድቀህ ረግፋ ከሆነ መልሰህ ግጠማት፣ ርካሽ ናት። ቱቦው ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጥላሸት ካየህ ጓርኒሲዮኑ ለቋል፣ እሳቱ እየወጣ ያለው ወደ እግርህ ነው። ቱታ ለብሰህ አትንዳ፣ ናይለን ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ጂንስና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ በቂ ነው። ቱቦውን በጨርቅ መጠቅለል አሁን ፋሽን ሆኗል፣ እኔ አልወደውም። እግርህን ያሳርፈዋል፣ ግን ዝናብ ሲመጣ እርጥበት ይዞ ቱቦውን ያዝገዋል። ካቃጠለህ ደግሞ 20 ደቂቃ የሚፈስ ውሃ ሥር አቆየው። ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀባበት።

ነገ ጠዋት ሳታስነሳው ክንፎቹን እይ፣ ዘይቱን ለካ፣ ካንዴላውን ፈትተህ ፎቶውን ላክልኝ። ሲጠፋብህ ክዳኑን ከፍተህ የሰማኸውንም ጻፍልኝ። ካንዴላው ነጭ ከሆነ ግን መልሴን ሳታይ ቢሾፍቱ እንዳትወርድ።